የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ የጠየቀኝ ሂሳብ

ድምፄን ከራሴ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ጎንደር ቁስቋም፣ ከየኔታ ጎጆ በታች ካለው ወይራ ሥር ተቀምጬ የዕለቱን ድጓ በቃሌ እያዜምኩ ስቀጽል፣ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ የሙዚቃ መምህር ከነድምፅ መቅጃው ደረሰ። የኔታን አስፈቅዶ ቀዳኝና ሲጨርስ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ። የሰማሁት ሰው እኔ አልመሰለኝም። በዕድሜ የሚበልጠኝ፣ ሐዘኑም ከእኔ የጠለቀ ሰው ነበር።

መምህሩ ማዳመጫውን እየጠቀለለ ጠየቀኝ፦ "እዚህች ቃል ላይ ስትደርስ ድምፅህ ድንገት ወደ ላይ ይወጣል። ለምንድን ነው?"

ከቃሉ በላይ የተጻፈው የዜማ ምልክት እንዲያ ይላል። የኔታ እንዲያ ነገሩኝ፤ እሳቸውም ከመምህራቸው እንዲያ ተቀበሉ። ሰባት ዓመት ሙሉ ዜማውን በቃሌ ስይዝ "ለምን" የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም ነበር።

"የዘመናዊ ትምህርትህ እስከ ስንት ነው?" አለኝ።

"ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ነው ያቋረጥኩት።"

ከደብተሩ አንድ ወረቀት ቀደደና እዚያው ቆሞ ጻፈልኝ። ወደሚያስተምርበት የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመግባት ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረስ፣ ብሔራዊ ፈተናውን ማለፍ፣ የአራት ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ውጤት ማቅረብ ያስፈልጋል። የተሰጥኦ ፈተና የሚባለው፣ ድምፅና ጆሮ የሚታይበት፣ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። "በጆሮህ ቢሆን ዛሬውኑ በወሰድኩህ" አለኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ እጅ ነሳሁት፤ እሱም ሄደ።

ትውልዴ ከትክል ድንጋይ ወዲያ ባለ ገጠር ነው። አባቴ ገበሬ ነበር። ስድስተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ከአንድ ዲያቆን ጋር ተያይዤ ወደ ጎንደር የወረድኩት ድጓ ልማር ብዬ ነው፤ ማንም አላስገደደኝም። የኔታ ተቀበሉኝ። በመጀመሪያው ዓመት ቁራሽ እየለመንኩ፣ ኋላ ደግሞ በየቤቱ እየዞርኩ ልጆችን ፊደልና ዳዊት እያስቆጠርኩ ኖርኩ። የኔታ ያኔ ስድሳውን ያለፉ፣ ዓይናቸው እየደከመ የሄደ ሰው ነበሩ። ድጓውን ግን ማየት አያስፈልጋቸውም። አንድ ተማሪ በአራተኛው መስመር ላይ አንዲት የርክርክ ምልክት ቢስት ከእንቅልፋቸውም ቢሆን ይነቃሉ። አብረዋቸው የሚኖሩት እማሆይ እህታቸው ነበሩ፤ ባላቸው ሲሞት መንኩሰው ወንድማቸውን ሊረዱ የመጡ።

በዚያው መስከረም ሰባተኛ ክፍል ተመዘገብኩ። ትምህርቱ ለሠራተኞች የሚሰጠው የማታው ክፍል ነው፤ ከዐሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ። ግማሾቹ ተማሪዎች በዕድሜ የኔ ታናናሾች ነበሩ። ጥምጥሜንና ነጠላዬን አይተው "አባ" ይሉኝ ነበር፤ ገና ዲያቆን ነኝ ብል የሚሰማኝ የለም። ለየኔታ አልነገርኳቸውም። ደብተሮቼን እንደ ሌሎቹ መጻሕፍት በአኩፋዳዬ ይዤ እወጣለሁ፤ ለልጆች ዳዊት ላስቆጥር ነው እላለሁ። ውሸቴ ሙሉ ውሸት አልነበረም፤ ግን ውሸት ነበር።

ሰባተኛንና ስምንተኛን ያለ ብዙ ችግር አለፍኩ። ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ አማርኛ፣ በቃሌ ይዤ እፈተናለሁ። እንግሊዝኛውንም እንደ ግዕዝ ግስ አድርጌ ያዝኩት። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ሂሳብ አስቆመኝ። ሂሳብ በቃል አይያዝም። የመጀመሪያው ፈተና ላይ ያገኘሁት ውጤት ከክፍሉ የመጨረሻው ነበር።

የሂሳብ መምህሯ ከእኔ በሁለት ዓመት የምታንስ ልጅ ነበረች። ፈተናውን ስትመልስልኝ ሌሎቹ እስኪወጡ ጠበቀች።

"ምን ልትሆን ነው የምትማረው?" አለችኝ።

ነገርኳት። የተጻፈልኝን ወረቀትም አሳየኋት።

"ለሙዚቃ ሂሳብ ምን ያደርጋል?" ብዬ ጠየቅኋት። እውነቴን ነበር። ንዴትም ነበረብኝ።

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። "እኔም አላውቅም" አለች። "ግን በሩ ላይ የቆመው እሱ ነው። ስለዚህ በሱ በኩል ታልፋለህ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ ባዶ ክፍል ውስጥ ታስረዳኝ ጀመር። ሰሌዳው ላይ ኤክስ ትጽፋለች። እኔም "ኤክስ ስንት ነው?" እላለሁ። "እሱን ነው የምንፈልገው" ትለኛለች። "ካላወቅሽው ለምን ጻፍሽው?" እላለሁ። አንድ ጊዜ ጠመኔውን አስቀምጣ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። የሳቀች መስሎኝ ነበር። አልሳቀችም፤ ደክሟት ነው።

የኔታ የጠሩኝ በዚያ ሰሞን ነው። ተማሪዎቹ ሁሉ ለቀጸላ ተበትነው እሳቸው ከጎጆው በር ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

"ምነው ከሳህ?" አሉኝ።

"ደህና ነኝ የኔታ።"

"ደህና አይደለህም። ትናንት ስትቀጽል ሁለት ቦታ ዘለልህ። አንተ ዘለህ አታውቅም። አኩፋዳህ ውስጥ ያለውም ዳዊት ብቻ አይደለም። ዓይኔ ቢደክምም የወረቀት ድምፅና የብራና ድምፅ እለያለሁ።"

እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ሁሉንም ተናገርኩ። መቅጃውን፣ ጥያቄውን፣ ወረቀቱን፣ ሁለቱን ዓመት፣ ሂሳቡን። ይረግሙኛል ብዬ ነበር። "ዘፈን ልትማር ነው?" ብለው ያባርሩኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን የጠየቁኝ ሌላ ነው።

"ከሂሳቡ ምኑ ነው የከበደህ?"

"ያልታወቀ ቁጥር ይጽፉና ፈልገው ይላሉ።"

"ባሕረ ሐሳብ አስተምሬህ የለም?"

አስተምረውኛል። የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት መቼ እንደሚውሉ የሚሰላበትን ቁጥር ድጓ ተማሪ ሁሉ ይማረዋል። እኔ ግን ወንበር፣ አበቅቴ፣ መጥቅዕ የሚባሉትን ቁጥሮች እንደ ጸሎት ነበር በቃሌ የያዝኳቸው፤ ቁጥር መሆናቸውን ረስቻለሁ።

"ወንበር አምስት ቢሆን አበቅቴው ስንት ነው?" አሉ።

"አምስት ጊዜ ዐሥራ አንድ ኀምሳ አምስት፤ በሠላሳ ሲገደፍ ሃያ አምስት ይተርፋል።"

"መጥቅዑስ?"

ላሰላ ስጀምር በእጃቸው ከለከሉኝ።

"አታስላ። አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ ሲደመሩ ስንት ናቸው?"

"ሠላሳ።"

"አንዱን ካወቅህስ?"

"አምስት" አልኩ። "መጥቅዑ አምስት ነው።"

"ያላወቅኸውን በምን አገኘኸው?"

ስሙ ብቻ ነበር የተለየው። መጥቅዕ ሲሆን የማውቀውን፣ ኤክስ ሲሆን እፈራው ኖሬያለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ለመምህሯ ነገርኳት፤ ባሕረ ሐሳብን አስረዳኋት። የወንበር አምስቱን ስሌት ሰሌዳው ላይ በተርታ ጻፈችና ራቅ ብላ ቆማ አየችው። "ይሄን እኔ አልተማርኩም" አለች። ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ ቀላል ሆነ ማለቴ አይደለም። ክፍልፋይና ጂኦሜትሪ እስከ መጨረሻው አስጨንቀውኛል። ነገር ግን መፍራቴ ቀረ።

የኔታ ስለ ትምህርት ቤቱ ዳግም አላነሡም። የድጓውን ትምህርት ግን አላቀለሉልኝም። እንዲያውም አጠበቁት፤ ማለዳ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው የኔ ቀጸላ ሆነ።

ብሔራዊ ፈተናውን በሃያ ስምንት ዓመቴ ተፈተንኩ። በዚህ ዘመን ተማሪዎች ፈተናውን የሚወስዱት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እያደሩ ነው። ጥምጥሜን ፈትቼ፣ ከልጆች ጋር በአንድ መኝታ ክፍል፣ ተደራራቢ አልጋ ላይ ሰነበትኩ። ውጤቱ የወጣ ቀን አንድ የክፍል ጓደኛዬ በስልኩ ከፍቶ አሳየኝ። ማለፊያው ግማሹን ማምጣት ነው። አላመጣሁም። ጥቂት ነበር የጎደለኝ። ከጓደኞቼም ያለፈው ጥቂት ነው፤ በማታው ትምህርት ቤት ግቢ የሚያለቅሰው ብዙ ነበር። እኔ አላለቀስኩም። በእግሬ እስከ ቁስቋም ወጣሁና የኔታ ፊት ተንበረከክሁ።

"ወደቅሁ የኔታ" አልኩ።

"ድጓውን ስንት ጊዜ ነው የከለስከው?"

"ሦስት ጊዜ።"

"በመጀመሪያው ሳትችል ቀርተህ ትተኸዋል?"

"አልተውኩትም። ግን ያ ሌላ ነው። ይሄ ወረቀት ነው። የማውቀውን ነገር አይጠይቀኝም። እኔ ዜማ ነው የማውቀው፤ ወረቀት ሳይኖረኝም አውቀዋለሁ።"

የኔታ እማሆይን ጠሩና ውኃ እንዲያመጡ ወደ ምንጩ ላኳቸው። ማድጋው ሙሉ መሆኑን እኔም የኔታም እናውቅ ነበር። እማሆይ ባዶውን እንስራ አዝለው ወጡ።

"እኔ ምስክር የለኝም" አሉኝ የኔታ።

አልገባኝም። የድጓ ተማሪ ትምህርቱን ሲጨርስ ምስክር ቤት ወደሚባለው ትልቁ ጉባኤ ሄዶ፣ በገዛ እጁ የጻፈውን ድጓ ይዞ ቀርቦ፣ ታርሞና ተፈትኖ ይመሰከርለታል። መሪጌታ የሚሆነው ከዚያ ወዲያ ነው። የኔታ ይህን አላገኙም ብዬ አስቤ አላውቅም።

"ድጓዬን ግማሽ ጽፌ ነበር" አሉ። "ገና እየጻፍኩ ሳለሁ አባቴ ሞተ አሉኝ። ሦስት እህቶች ነበሩኝ፤ ይሄች የመጨረሻዋ ናት። ተመልሼ ሞፈር ጨበጥኩ። ሁሉንም ድሬ ስጨርስ፣ ወደ ጽሕፈቱ ብመለስ ዓይኔ እምቢ አለ። በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ አይቀበሉም ነበር። ቀረሁ።"

"ግን እርስዎ ከሁሉም በላይ ያውቃሉ።"

"አውቃለሁ። ካስተማርኳቸው አራቱ መሪጌታ ሆነዋል። በዓል ሲሆን የት እንደምቆም አይተሃል?"

አይቻለሁ። በማኅሌቱ ሁልጊዜ ከኋላ፣ ከምሰሶው አጠገብ ነበር የሚቆሙት። ከፊት የቆመው መሪጌታ ሲሳሳት በከንፈራቸው ብቻ ያርሙታል። በነዚያ ሁሉ ዓመታት ትሕትናቸው መስሎኝ ነበር።

"ወረቀት ዕውቀት አይደለም" አሉኝ። "ይህን የሚነግርህ ሰው እውነቱን ነው። ወረቀት የሌለው ሰው ግን የት እንደሚቆም እኔ ነኝ የማውቀው። ተነሣ። ፊትህን ታጠብና ተመለስ፤ ያንን ሂሳብ እንደገና ጀምር።"

እማሆይ ከምንጭ ሲመለሱ እኔ ገና ከተንበረከክሁበት አልተነሣሁም ነበር። አይተውኝ አለፉ።

በሁለተኛው ዓመት በግል ተፈታኝነት ተመዝግቤ ተፈተንኩ። አለፍኩ፤ በጠባቡ፣ ግን አለፍኩ። ሂሳቡ ከእንግሊዝኛው በልጦ ነበር። መምህሯ በስልክ ስነግራት "ኤክስን አገኘሃታ" አለችኝ። የኔታ የተናገሩት አንድ ቃል ነው፦ "ሸጋ።"

ወደ አዲስ አበባ ልሄድ ስል አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ለተሰጥኦ ፈተናው ምን እንደማዜም ጠየቅኋቸው።

"ድጓውን አታዚምላቸው" አሉኝ። "ድጓ ለምስጋና ነው የተሰጠህ፤ ማለፊያ እንዲሆንህ አይደለም። ከገባህ በኋላ ይጠይቁህ፤ ያኔ ታስተምራቸዋለህ።"

"ሌላ ምን አውቃለሁ የኔታ?"

"እናት የለህም? እናትህ አረም ስታርም አፏን ዘግታ ነው?"

በግጭቱ ምክንያት መንገዱ የሚከፈትና የሚዘጋበት ጊዜ ነበር። ስንት ቦታ ወርጄ፣ ስንት ቦታ ተፈትሼ፣ በሦስተኛው ቀን ደረስኩ። ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ፤ ቁስቋም የመጣው መምህር ከመካከላቸው አልነበረም፤ ትምህርት ቤቱን ለቆ እንደነበር ኋላ ሰማሁ። በፒያኖ ሁለት ሦስት ድምፅ ይመቱና ድገመው ይሉኛል፤ እደግማለሁ። በእጃቸው ያጨበጭባሉ፤ አጨበጭባለሁ። ከዚያ አዚም ሲሉኝ ዓይኔን ጨፍኜ፣ እናቴ በሐምሌ ጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብላ የምታንጎራጉረውን አዜምኩ። ቃሉ ጥቂት ነው፤ ዝናቡን ታማለች፣ ደግሞ ትለምነዋለች። ጨርሼ ዓይኔን ስገልጥ አንደኛዋ ፈታኝ ወረቀቷ ላይ አልጻፈችም፤ እኔን ነበር የምታየኝ።

"ኖታ ታነባለህ?" አለችኝ።

"አላነብም። ምልክት ግን እጽፋለሁ።"

እስኪብርቶ ሰጡኝ። ያዜምኩትን ቃል ጻፍኩና ከበላዩ የዜማ ምልክቶቹን፣ ይዘቱን፣ ደረቱን፣ ርክርኩን፣ ቅናቱን አስቀመጥኩ። ወረቀቱን ተቀባበሉት። ምን እንዳሉ አልሰማሁም። በሁለተኛው ሳምንት ስሜ ከተለጠፈው ዝርዝር ውስጥ ነበር። እኔ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ከአጠገቤ ስሟን አግኝታ የምትዘልለው ልጅ ዐሥራ ስምንት አይሞላትም።

የኔታ ያረፉት በሁለተኛው ዓመቴ፣ በዐቢይ ጾም ነው። አብሮኝ ድጓ የተማረ ካህን ደወለልኝ። መንገዱ ተዘግቶ ነበር፤ አውሮፕላኑም ቦታ የለውም። በማግሥቱ ጠዋት ፍትሐቱ ሲደርስ ደወለና ስልኩን ነጠላው ውስጥ ይዞ ቆመ። በመኝታ ክፍሌ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሰማሁ። የመቋሚያ ድምፅ፣ የእግር ድምፅ፣ የብዙ ሰው ሳል። ከዚያ ዜማው ተነሣ። አንድ ቦታ ላይ መሪው ተሳሳተ። የሚያርመውን ከንፈር ለማየት ያህል ሳላስበው አንገቴን አቀናሁ። ማንም አላረመውም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ፈተና ነበረኝ። ላለመፈተን ፈቃድ መጠየቅ እችል ነበር። ገብቼ ተፈተንኩ። ምን እንደጻፍኩ አላስታውስም፤ ማለፌን ግን አውቃለሁ።

ጎንደር የገባሁት በክረምቱ ነው። ተማሪዎቹ ወደየመምህሩ ተበትነዋል። ጎጆው ቆሞ ነበር፤ ጣራው ግን በአንድ ወገን ያፈስሳል። እማሆይ ከደረቁ ጥግ ተቀምጠው ሽሮ የሚሆን ባቄላ ይለቅሙ ነበር። ሳሙኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ስለ ትምህርቱ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

"ሥራ ይገኝበታል?" አሉ።

"አላውቅም እማሆይ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ዝናቡ በረታ። ጥቂት ከለቀሙ በኋላ፣ ዓይናቸውን ከሰፌዱ ሳያነሡ፣ "አያ ምስክር ቤት ሳይሄድ የቀረው በእኛ የተነሣ ነው። ነግሮህ ነበር?" አሉኝ። ወንድማቸውን ዘወትር አያ ነበር የሚሏቸው።

"ነግረውኛል።"

"ውኃ ቅጂ ብሎ የላከኝ ቀን ነው?"

"አዎ።"

"ማድጋው ሙሉ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ጎጆ ውስጥ ኖረን ለእኔ አንድ ቀን አልነገረኝም። እኔ ከሰው ነው የሰማሁት፤ ልጅ ሳለሁ። እሱ የማላውቅ መስሎት ኖረ። እኔም የማላውቅ ሆኜ ኖርኩለት።"

ሰፌዱን ወደ እኔ ጠጋ አደረጉልኝና አብረን እንለቅም ጀመር። ዝናቡ ሲያባራ ነጠላቸውን ደረቡ፤ ክንዳቸውን ይዤ በጭቃው ቀስ እያልን ወደ መቃብሩ ወጣን።